ፏፏቴው ሲመነምን፦ የኪሃንሲ ግድብና የሁለት ሄክታሯ ጉርጥ

የኪሃንሲ ወንዝ በታንዛኒያ ከኡድዙንግዋ ተራሮች ወደ ኪሎምቤሮ ሜዳ ሲወርድ፣ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ 850 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወረወራል። ከላይ ያለው ደን ውሃውን ይዞ ቀስ እያለ ስለሚለቀው ወንዙ በበጋም አይነጥፍም። ለኃይል ማመንጫ መሐንዲስ እንዲህ ያለ ቦታ ሲሳይ ነው።

ታኔስኮ የታንዛኒያ መንግሥት የኤሌክትሪክ ኩባንያ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) አገሪቱን ድርቅ መታት። ግድቦቹ ጎደሉ፣ መብራት በፈረቃ ሆነ። ፈረቃ ምን እንደሚያደርግ ለእኛ አገር አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ወፍጮው ይቆማል፣ ፋብሪካው ሠራተኛውን ወደ ቤት ይልካል፣ ሐኪም ቤቱ ጄኔሬተር ፍለጋ ይሯሯጣል። በዚያ ላይ በዚያን ጊዜ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከአሥር ታንዛኒያዊ አንዱ ገደማ ብቻ ነበር። ታኔስኮ በኪሃንሲ 180 ሜጋ ዋት ለማመንጨት ሲነሳ ማንም በክፉ አላየውም። የዓለም ባንክ፣ ኖርዌይ፣ ስዊድንና ጀርመን ገንዘብ አቀረቡ።

ዕቅዱ በወረቀት ላይ ከብዙ ግድቦች የተሻለ ነበር። ግድቡ 25 ሜትር ብቻ ይቆማል። የሚያጠራቅመው ውሃ ትንሽ ነው። መንደር አይውጥም፣ ብዙ ሰው አያፈናቅልም። ውሃው ከግድቡ ጀርባ በዋሻ ይገባና በተራራው ሆድ ውስጥ ወዳለው የኃይል ጣቢያ ይወርዳል፤ ሦስት ተርባይኖችን ያዞራል፤ ከታች ተመልሶ ወንዙን ይቀላቀላል። አንድ ሊትር እንኳ አይጠፋም። የመጀመሪያው የአካባቢ ግምገማ ከባድ ችግር ያላየው ለዚህ ነው። ግድብ ሲባል ሁሉም ሰው የሚያየው ውሃው የሚተኛበትን መሬት ነው።

የኪሃንሲ ጉዳት የደረሰው ግን ውሃው በሚለቀው ቦታ ላይ ነው። በግድቡና በኃይል ጣቢያው መካከል ያለው ገደላማ ሸለቆ ውሃውን ያጣል። በዚያ ሸለቆ ውስጥ ምን እንዳለ በቅጡ ሄዶ ያየ አልነበረም።

በጉም ውስጥ የሚኖር ሜዳ

የዓባይን ፏፏቴ በክረምት ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ውሃው ከድንጋይ ጋር ሲላተም እንደ ጭስ ይበተናል። አጠገቡ የቆመ ሰው ሳይዘንብበት ይበሰብሳል። በኪሃንሲ ሸለቆ ይህ ፍንጣቂ ቀንና ሌሊት፣ ክረምት ከበጋ፣ ለማንም በማይታወቅ ረጅም ዘመን ሳያቋርጥ ይወርድ ነበር። ፍንጣቂው በሚያርፍበት ተዳፋት ላይ ዛፍ አይበቅልም። ሳረንስት (ሞስ)፣ ፈርንና መሬት ለመሬት የሚሳቡ ለስላሳ ተክሎች ድንጋዩን እንደ ምንጣፍ ያለብሱታል። ሙቀቱ እምብዛም አይለዋወጥም። አየሩ ሁልጊዜ ውሃ የጠገበ ነው።

ግንባታው ከተጀመረ በኋላ፣ በ1996፣ ገንዘብ ሰጪዎቹ በጠየቁት ተጨማሪ ጥናት ባለሙያዎች ወደ ሸለቆው ገቡ። በዚያ ምንጣፍ ላይ ወርቅማ ቢጫ የሆነች ትንሽ ጉርጥ አገኙ። ሴቷ ሦስት ሴንቲ ሜትር አትሞላም። ወንዱ ሁለት ሴንቲ ሜትር አይደርስም። ከውጭ የሚታይ የጆሮ ታምቡር የላትም። ከሁሉ የሚገርመው አወላለዷ ነው። አብዛኞቹ ጉርጦች ውሃ ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ፣ እንቁላሉ ጭራ ያለው ትል መሰል ፍጥረት ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ነው እግር የሚያወጣው። የኪሃንሲዋ ግን ሙሉ አካል ያላቸው ጥቃቅን ጉርጦች ትወልዳለች። የሆዷ ቆዳ ስስ ስለሆነ ልትወልድ የደረሰችውን ገልብጦ ያየ ሰው ግልገሎቹን ከቆዳው ሥር ያያቸዋል። ሲወለዱ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ናቸው።

ሳይንሳዊ ስሟ ኔክቶፍሪኖይደስ አስፐርጂኒስ ሆነ። በባሌ ተራሮች ብቻ የምትገኝ አንዲት የኢትዮጵያ ጉርጥም ቀደም ሲል በዚሁ ወገን ውስጥ ትመደብ ነበር። ስለዚህ ነገሩ ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም።

ይህች ጉርጥ የምትኖርበት ቦታ በሙሉ ቢለካ ሁለት ሄክታር ገደማ ነው። አንድ ገበሬ በሬዎቹን ጠምዶ የሚያርሰው መሬት ማለት ነው። ከዚያ ውጭ በዓለም ላይ የትም አልተገኘችም። በዚያች ጠባብ ቦታ ግን ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ነበሩ። ሌላም ነገር በሸለቆው ተገኝቷል። ኮፊያ ኪሃንሲየንሲስ የተባለ የዱር ቡና ከዚያው ከሸለቆው ተለይቶ ተመዝግቧል። ቡናን እንደ እኛ ለሚወድ ሕዝብ ይህ ብቻውን ሸለቆውን ደጋግሞ ለማየት በቂ ምክንያት ነበር።

አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። ታኔስኮና ገንዘብ ሰጪዎቹ ይህን ሲያውቁ ግን ዋሻው እየተቆፈረ፣ ተርባይኖቹ ታዘው፣ ብድሩም ተፈርሞ ነበር።

አንድ ሜትር ኩብ ስንት ያወጣል

እዚህ ላይ ሒሳቡን በቅርብ ማየት ያስፈልጋል፤ ጭቅጭቁ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የኪሃንሲ አማካይ ፍሰት በሰከንድ 16 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ በየሰከንዱ 850 ሜትር ሲወርድ፣ የማሽኑን ብክነት ቀንሰን፣ 7 ሜጋ ዋት ገደማ ይሰጣል። ስለዚህ ለሸለቆው የሚለቀቅ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ለኩባንያው 7 ሜጋ ዋት የታጣ ኃይል ነው። ሁለት ሜትር ኩብ ከተለቀቀ 14 ሜጋ ዋት። ያ ደግሞ አንድ ደህና ከተማ የሚያበራ ነው። በሌላ ግድብ ላይ፣ ውሃው ሃምሳ ሜትር ብቻ በሚወርድበት፣ ያንኑ ውሃ መልቀቅ ግማሽ ሜጋ ዋት እንኳ አያስከፍልም። ኪሃንሲን ለመሐንዲሱ ሲሳይ ያደረገው ያው ቁልቁለት ለጉርጧ የሚተርፈውን ውሃ ውድ አደረገው።

ተርባይኖቹ በ1999 መጨረሻና በ2000 መዞር ሲጀምሩ ወደ ሸለቆው የሚወርደው ውሃ በ90 በመቶ ያህል ቀነሰ። ፍንጣቂው ቆመ ማለት ይቻላል። ምንጣፉ መድረቅ ጀመረ። ድሮ እርጥበቱ ይከለክላቸው የነበሩ ገብረ ጉንዳኖች ወደ ሜዳው ገቡ። የጉርጦቹ ቁጥር በወራት ውስጥ ከ2000 በታች ወረደ።

ታኔስኮና ባንኩ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ይህን መካድ ግፍ ነው። ከ2000 አጋማሽ እስከ 2001 መጀመሪያ ባሉት ወራት በሦስቱ የፍንጣቂ ሜዳዎች ላይ ሰው ሠራሽ የውሃ መርጫ ተዘረጋ። ፓምፕ የለውም፤ ውሃው ከላይ በቱቦ ተጠልፎ በራሱ ቁልቁለት ግፊት ይመጣና በጠባብ አፍንጫዎች እንደ ጉም ይረጫል። ሐሳቡ ብልህ ነው። ትንሽ ውሃ በትክክለኛው ቦታ ላይ ከተረጨ ፏፏቴው በትልቅ ውሃ የሚሠራውን ይሠራል። የዓለም ባንክ በ2001 ለሸለቆውና ለተፋሰሱ አስተዳደር የሚውል ለብቻው ብድር አጸደቀ።

መርጫውም ሠራ። በጁን 2003 በተደረገው ቆጠራ የጉርጦቹ ቁጥር ከ18 እስከ 21 ሺህ ተገመተ። ጉዳዩ እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ዛሬ ኪሃንሲ በየሥልጠናው የሚጠቀስ የስኬት ታሪክ በሆነ ነበር።

2003

በዚያው ዓመት አጋማሽ ላይ ጉርጦቹ አለቁ። ቀስ በቀስ አይደለም፤ በሳምንታት ውስጥ ነው። በጃንዋሪ 2004 ፈላጊዎቹ በዓይናቸው ያዩት ሦስት ብቻ ነበር። የሁለት ወንዶች ጥሪም ተሰማ። ከዚያ ወዲህ ጠፋች።

በዚያ ጊዜ ሦስት ነገሮች ተደራርበዋል። መርጫው በበጋው ወራት ተበላሽቶ ነበር። የግድቡ ደለል እንዲታጠብ በሩ ለአጭር ጊዜ ተከፍቶ፣ ከላይ ካሉ የበቆሎ ማሳዎች የተጠራቀመ ፀረ-ተባይ ያለበት ደለል በሸለቆው ወርዷል። በሦስተኛ ደረጃ፣ በሞቱት ጉርጦች ቆዳ ላይ ኪትሪድ የተባለው ፈንገስ ተገኘ። ይህ ፈንገስ በብዙ የዓለም ክፍል እንቁራሪትና ጉርጥ የጨረሰ ነው። ቆዳቸውን ያጠቃል። እነሱ ደግሞ ውሃና ጨው የሚያስተካክሉት በቆዳቸው ስለሆነ ልባቸው ይቆማል።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በፈንገሱ ላይ ደምድሞ ያልፋል። እኔ እንዲህ አላየውም። ፈንገሱ ከሌሎቹ ሁለቱ ይልቅ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የታመመ ሰው ጉልበት ካለው ይድናል፣ ከሌለው ይሞታል፤ ለእንስሳም ያው ነው። የጉርጧ ሕይወት በወንዝ ላይ ሳይሆን በቱቦ፣ በአፍንጫና በአንድ የጥገና ቡድን ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ጠባብ አፍንጫ በደለል ይደፈናል። ቱቦ ይሰነጠቃል። መለዋወጫ ይዘገያል። ወንዝ መለዋወጫ አይፈልግም። የደለሉ እጥበትም ቢሆን የኩባንያው የዕለት ተዕለት የግድብ ሥራ ነው። ያ ሥራ ሲታቀድ ከታች ያለው ሁለት ሄክታር ሜዳ በዕቅዱ ጠረጴዛ ላይ ወንበር ሊኖረው ይገባ ነበር። የብዝኃ ሕይወት ጉዳይ በኩባንያ ውስጥ የሚሸነፈው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ ቦታ ነው። የአካባቢ ክፍሉ መርጫውን ይጠብቃል፤ የግድብ አስተዳደሩ በሩን ይከፍታል።

አራት መቶ ዘጠና ዘጠኝ

ጉርጧ ዛሬ በሕይወት ያለችው በአንድ ቀደም ብሎ በተወሰደ ውሳኔ ነው። በኖቬምበር 2000፣ ቁጥሩ ሲወርድ፣ የታንዛኒያ መንግሥት ከኒው ዮርኩ ብሮንክስ የእንስሳት ማቆያ ጋር ተስማምቶ 499 ጉርጦች ተሰብስበው በአውሮፕላን ወደ አሜሪካ ተወሰዱ። በኋላ ለተለያዩ ማቆያዎች ተከፋፈሉ።

ማቆየቱ ቀላል አልነበረም። ሳንባቸውን ትል አጠቃው። ምግቡ አልስማማ አለ። ብርሃኑ እንደ ፀሐይ ካልሆነ አጥንታቸው አይጠነክርም። አንድ ሰሞን በማቆያ ያሉት ሁሉ ተደምረው ወደ 70 ወረዱ። በዓለም ላይ የቀሩት እነሱ ብቻ ነበሩ። ብሮንክስና የኦሃዮዋ ቶሌዶ ከተማ ማቆያ ብቻ ናቸው እስከ መጨረሻው የገፉበት። ቀስ እያሉ መብራቱን፣ የሚረጨውን ጉም፣ የምግቡን ዓይነት አስተካከሉ። ግልገል ጉርጥ የምትበላው ነፍሳት በዓይን በጭንቅ የሚታይ ነው፤ እሱንም ራሱን ማርባት ነበረባቸው። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ወደ ሺዎች አደገ።

በ2009 የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርያዋን «በዱር የጠፋች» ብሎ መዘገባት። በ2010 ደግሞ 100 ጉርጦች ወደ አገራቸው ተመለሱ። በዳሬሰላም ዩኒቨርሲቲ ለእነሱ በተሠራ ማቆያ ገቡ። ታንዛኒያዊ ባለሙያዎች ማርባቱን ተማሩ። ከሸለቆው የመጣ አፈርና ተክል ጉርጦቹን ይጎዳ እንደሆነ አስቀድሞ ተፈተነ። በ2012 መጨረሻ ከ2000 ያላነሱ ጉርጦች ወደ ኪሃንሲ ሸለቆ ተለቀቁ። በዱር ጠፍቶ የነበረ የእንቁራሪትና የጉርጥ ወገን ዝርያ ወደ ቦታው ሲመለስ ይህ የመጀመሪያው ነው ተብሎ ተነግሯል። ከዚያ በኋላም የመልቀቁ ሥራ ቀጥሏል።

ለጉርጥ ይህን ያህል?

ይህ ጥያቄ በታንዛኒያ ተጠይቋል፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። ሕፃናት በኩራዝ በሚያጠኑበት አገር ለሁለት ሄክታር ጉርጥ ሚሊዮኖች ዶላር ማውጣት፣ በዚያ ላይ 14 ሜጋ ዋት የሚያወጣ ውሃ መልቀቅ፣ ለብዙ ሰው ሕሊና አይዋጥም። እኔ ጥያቄውን በንቀት የሚያልፉትን አልወድም።

መልሴ ግን ይህ ነው። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣው ለጉርጧ ሳይሆን ለቅደም ተከተሉ ነው። ባለሙያዎች በ1991 ወይም በ1992 ሸለቆውን ወርደው ቢያዩት ኖሮ ጉርጧ የምትፈልገው ውሃ በዲዛይኑ ውስጥ ይገባ ነበር። የማመንጫው አቅም ከመጀመሪያው በዚያው ልክ ይሰላል፣ የኤሌክትሪክ ሽያጩም እንዲሁ። ማንም «የታጣ ኃይል» አይለውም ነበር፤ ከመነሻው የሌለ ኃይል ነውና። የአንድ ባለሙያ ቡድን የጥቂት ወራት አበል፣ ጫማና ድንኳን የሚያስቀረውን ነገር፣ በኋላ ቱቦ፣ አውሮፕላን፣ ላቦራቶሪና የአሥር ዓመት ደመወዝ ተከፈለበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

የኃይል ኩባንያዎችና አበዳሪዎቻቸው ዛሬ የሚከተሉት መርሕ አለ። መጀመሪያ ጉዳቱን አስወግድ፤ ካልቻልክ ቀንስ፤ የተጎዳውን መልስ፤ የቀረውን በሌላ ቦታ ካስ። ኪሃንሲ ላይ የመጀመሪያው ደረጃ ተዘለለ። የመጨረሻውም አይሠራም ነበር፤ በዓለም ላይ አንድ ቦታ ብቻ ያለን ነገር በየትኛው ሌላ ቦታ ትክሰዋለህ? የቀረው መካከለኛው ብቻ ነው፦ መቀነስና መመለስ። ሁለቱም ማለቂያ የላቸውም። ማመንጫው በሠራ ቁጥር መርጫው መሥራት አለበት።

የእኛም አገር ነገር እዚህ ላይ ይነሳል። ጢስ ዓባይ ሁለት በ2001 ሥራ ሲጀምር የፏፏቴው ውሃ በተመሳሳይ መንገድ ከላይ ተጠልፎ ወደ ተርባይን ገባ። ብዙዎቻችን ያዘንነው ለጎብኚውና ለእይታው ነበር። በፍንጣቂው ሥር ስለሚበቅለውና ስለሚኖረው ሲነሳ ብዙም አልሰማሁም።

ከላይ ያሉት ማሳዎች

በኪሃንሲ ካየኋቸው ነገሮች ትልቁ ውጤት፣ ብዙም የማይወራለት፣ የ2004ቱ የውሃ ፈቃድ ነው። የሩፊጂ ተፋሰስ የውሃ ጽሕፈት ቤት ለታኔስኮ ፈቃዱን ሲሰጥ ወደ ሸለቆው በሰከንድ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ኩብ እንዲለቀቅ ግዴታ አስገባበት። በፊት ውሃው የሚለቀቀው በስምምነትና በባንኩ ግፊት ነበር። አሁን በሕግ ነው። በዚያው ዓመት ታንዛኒያ የአካባቢ አስተዳደር ሕግ አወጣች፤ ትላልቅ ፕሮጀክቶች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የተፅዕኖ ግምገማ ማቅረብ አለባቸው።

የባንኩ ብድር ከግድቡ በላይ ያለውን ተፋሰስም ይመለከት ነበር። ለኩባንያው ይህ ምጽዋት አይደለም። ደኑ ከተመነጠረ ወንዙ በበጋ ይቀንሳል፣ ደለሉ ይበዛል፣ የተርባይኑ ምላጭ በአሸዋ ይበላል። ገበሬው በዳገት ላይ በቆሎ ሲዘራና ፀረ-ተባይ ሲረጭ ጉዳቱ መጀመሪያ ኩባንያውን፣ ቀጥሎ ጉርጧን ያገኛል። የሁለቱ ጥቅም የሚገናኝበት ቦታ ይህ ነው። በሸለቆው ውስጥ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ይጣላሉ፤ በተራራው አናት ላይ ግን አንድ ወገን ናቸው። በእኔ ግምት ኩባንያው ገንዘቡን ከመርጫው ይልቅ እዚያ ላይ ቀደም ብሎ ቢያፈስ የተሻለ ያገኝ ነበር።

ኪሃንሲ 561 ሜጋ ዋት ከነበረው ከያኔው የታንዛኒያ የውሃ ኃይል አንድ ሦስተኛውን ያህል ይዞ ለዓመታት አገሪቱን አገልግሏል። ጉርጧ ግን በ2015 በተደረገው ምዘናም «በዱር የጠፋች» ከሚለው ዝርዝር አልወጣችም። ከዚያ ለመውጣት በሸለቆው የተወለዱ ጉርጦች ከማቆያ ተጨማሪ ሳይላክላቸው ራሳቸውን ተክተው መኖር አለባቸው። ለዚያ ደግሞ ፈንገሱን መቋቋም፣ መርጫው አለመቋረጡና የፈቃዱ ውሃ በድርቅ ዓመትም መለቀቁ ያስፈልጋል።